ፍሪድሪክ ዜርቱርነር

ፍሪድሪክ ቪልሄልም አዳም ዜርቱርነር (ጁን 19 ቀን 1783 – ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1841 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሞርፊንን ከኦፒየም ለይቶ በማውጣትና ባሕርዩን በመግለጽ ይታወቃል። ሥራው አልካሎይድ ተብለው ለሚጠሩት የተክል ንጥረ ነገሮች ጥናት መነሻ ሆኗል። ዜርቱርነር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም፤ ግኝቱንም የጀመረው ገና የ20ዎቹን ዕድሜ ሲጀምር በፋርማሲ ረዳትነት ሳለ ነው።

የሞርፊንን ኃይልና አደጋ በራሱ ሰውነት ላይ ከፈተኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ሆኖም አንድ ሰው ሞርፊንን ደጋግሞ ሲወስድ ለምን መጠኑን መጨመር እንደሚያስፈልገውና ሲያቋርጥም ለምን እንደሚታመም በዘመኑ ሊታወቅ አልቻለም። መልሱ የተገኘው እርሱ ከሞተ ከ130 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ በተደረገ ምርምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወትና ሙያ

ዜርቱርነር የተወለደው በሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ በፓደርቦርን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ኖይሃውስ ነው። አባቱ በፓደርቦርን ልዑል ጳጳስ ዘንድ በመሐንዲስነትና በመሬት ቀያሽነት ያገለግል ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ፣ በ1799 ፓደርቦርን ውስጥ ክራመር በተባለ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ።

በዚያ ዘመን የመድኃኒት ቅመማ ሙያ በአብዛኛው የሚገኘው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከባለሙያ ሥር ሆኖ በመሥራት ነበር። ተለማማጁ ሥራ ሥር ይወቅጣል፣ ቅጠል ይዘፈዝፋል፣ ፈሳሽ ያጠላል፣ ዱቄት ይመዝናል። የፋርማሲው ጓዳ እንደ ላቦራቶሪም ያገለግል ነበር። ዜርቱርነር የኬሚስትሪ ዕውቀቱን የገነባው በዚህ መንገድ ነው። በ1803 የሙያ ፈተናውን ካለፈ በኋላም በዚያው ፋርማሲ በረዳትነት መሥራቱን ቀጠለ።

በዘመኑ የነበረው የኦፒየም ችግር

ኦፒየም የሚገኘው የፖፒ ተክል ያልበሰለ ፍሬ ሲጫር ከሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሲደርቅ ቡናማ ቀለም ያለው ሙጫ ይሆናል። ሰዎች ለሺህ ዓመታት ኦፒየምን ለሕመም ማስታገሻ፣ ለእንቅልፍ፣ ለሳልና ለተቅማጥ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ትልቁ ችግር የመጠን ጉዳይ ነበር። የኦፒየም ጥንካሬ እንደ ተክሉ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ አሰባሰቡና እንደ ነጋዴው ሐቀኝነት ይለያያል። አንድ ሐኪም ትናንት ለአንድ ሕመምተኛ የጠቀመውን መጠን ዛሬ ከሌላ እሽግ ወስዶ ቢሰጥ፣ ሕመሙን ላያስታግስ ወይም ሕመምተኛውን ሊገድል ይችላል። በክብደት እኩል የሆኑ ሁለት ቁራጮች በኃይል እኩል ስላልነበሩ ሚዛን ብቻውን ዋስትና አልሰጠም። ስለዚህ በኦፒየም ውስጥ እንቅልፍ የሚያመጣውን ክፍል ለይቶ ማውጣት ለሕሙማን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

የሞርፊን ግኝት

ዜርቱርነር በ1804 አካባቢ ኦፒየምን ወደ ክፍሎቹ መለየት ጀመረ። በመጀመሪያ ሜኮኒክ አሲድ የተባለውን አሲድ አገኘ፤ ይህ አሲድ ግን እንቅልፍ አያመጣም ነበር። ቀጥሎ በኦፒየም ጭማቂ ላይ አሞኒያ ሲጨምር በውኃ በቀላሉ የማይሟሙ ክሪስታሎች ዘቀጡ። ክሪስታሎቹን አጣርቶ ለእንስሳት ሲሰጣቸው እንቅልፍና መደንዘዝ አመጡባቸው። የቀረው የኦፒየም ክፍል ይህ ኃይል አልነበረውም።

ከዚህም የበለጠ ያስገረመው የንጥረ ነገሩ ባሕርይ ነው። በጊዜው የነበሩ ኬሚስቶች ከተክል የሚገኙ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሲድ ናቸው ብለው ያስቡ ነበር። የዜርቱርነር ክሪስታሎች ግን በአሲድ የቀላውን ሊትመስ ወደ ሰማያዊ ይመልሱ ነበር፤ ከአሲድ ጋር ሲዋሃዱም ጨው ይሠሩ ነበር። ይህም ንጥረ ነገሩ አልካሊ መሆኑን አመለከተ። ከተክል የሚገኝ አልካሊያዊ የመድኃኒት ንጥረ ነገር በወቅቱ ያልተለመደ ሐሳብ ነበር።

ውጤቱን በ1805 እና በ1806 ትሮምስዶርፍ በሚያዘጋጀው የፋርማሲ መጽሔት ላይ አሳተመ። ጽሑፉ ግን ብዙም ትኩረት አላገኘም። ጸሐፊው ስሙ የማይታወቅ ወጣት የፋርማሲ ረዳት ነበር፤ ሙከራዎቹም በዘመኑ ሊቃውንት ዓይን በቂ አልነበሩም።

አይንቤክና የ1817 ሙከራ

በ1806 ዜርቱርነር ወደ አይንቤክ ከተማ ሄደ። አካባቢው በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር በነበረበት በ1809 በአዲሱ ሕግ መሠረት ፈቃድ አግኝቶ የራሱን ፋርማሲ ከፈተ። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ግን ፈቃዱ ክርክር አስነሣበት፤ በመጨረሻም ፋርማሲውን አጣ።

በእነዚህ ዓመታት ወደ ኦፒየም ምርምሩ ተመለሰ። ንጥረ ነገሩን ከቀድሞው ይበልጥ አጣርቶ ካወጣ በኋላ በሰው ላይ ለመፈተን ወሰነ። ተፈታኞቹ እርሱ ራሱና ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ያልበለጠ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕክምና ሥነ ምግባር የተከለከለ ነው።

አራቱም በመጀመሪያ ግማሽ ግሬይን ማለትም 30 ሚሊግራም ያህል በአልኮልና በውኃ ተበጥብጦ ወሰዱ። ፊታቸው ቀላ፣ ሰውነታቸውም ሞቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ግማሽ ግሬይን ጨመሩ፤ ማቅለሽለሽና የራስ መክበድ ተሰማቸው። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሦስተኛውን ግማሽ ግሬይን ሲወስዱ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ድካምና ራስን ወደ መሳት የቀረበ ሁኔታ ላይ ደረሱ። ዜርቱርነር ራሱ በሕልምና በእውን መካከል ሆኖ ሳለ አደጋውን ተረድቶ ሁሉም ጠንካራ ኮምጣጤ እንዲጠጡ አደረገ። ኮምጣጤው ስላስታወካቸው ተረፉ፤ ሆኖም የሆድ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የራስ ሕመም ለቀናት ቆዩባቸው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዳቸው የወሰዱት 90 ሚሊግራም ገደማ ነበር። ዛሬ ሞርፊን ወስዶ ለማያውቅ ሰው በአፍ የሚታዘዘው የመጀመሪያ መጠን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

ዜርቱርነር የዚህን ሙከራና የኬሚስትሪ ሥራውን ዝርዝር በ1817 ጊልበርት በሚያዘጋጀው የፊዚክስ መጽሔት ላይ አወጣ። ንጥረ ነገሩንም በጥንት ግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ሞርፊየም ብሎ ሰየመው።

እውቅናና የቀዳሚነት ክርክር

ታዋቂው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጌ-ሉሳክ ጽሑፉን አንብቦ አስፈላጊነቱን ወዲያው ተረዳ። ወደ ፈረንሳይኛ እንዲተረጎም አደረገ፤ ፒየር ሮቢኬ የተባለ ኬሚስትም ሙከራውን ደግሞ እንዲያጣራ ጠየቀው። ሞርፊን የሚለው ስም የተለመደውም ጌ-ሉሳክ ለእነዚህ ንጥረ ነገሮች ባቀረበው የአሰያየም ሥርዓት ምክንያት ነው።

ግኝቱ ሲታወቅ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን የሚል ክርክር ከፈረንሳይ ተነሣ። ዴሮን የተባለ ፋርማሲስት በ1803 ከኦፒየም ክሪስታል አውጥቶ ነበር፤ ሴጋን የተባለ ሌላ ኬሚስትም ተመሳሳይ ሥራ በ1804 አቅርቦ በ1814 አሳትሟል። ሮቢኬ ባደረገው ምርመራ የዴሮን ጨው ናርኮቲን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። የንጥረ ነገሩን አልካሊያዊ ባሕርይ ያስረዳና ከኦፒየም ኃይል ጋር ያያያዘው ዜርቱርነር በመሆኑ፣ ግኝቱ በአብዛኛው በእርሱ ስም ይጠራል።

በ1817 የየና ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ሰጠው። በ1831 ደግሞ የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት የ2,000 ፍራንክ ሽልማት አበረከተለት።

የእርሱን መንገድ በመከተል ሌሎች ኬሚስቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ንጥረ ነገሮችን አወጡ። ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1818 ስትሪክኒንን፣ በ1820 ለወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒንን አገኙ። በ1819 ሩንገ ከቡና ፍሬ ካፌይንን ለይቶ አወጣ።

በሃመልን የነበረው ሕይወትና ሞት

ዜርቱርነር በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሃመልን ከተማ ተዛውሮ የከተማዋን ፋርማሲ ያዘ። በ1821 ኤሌኖሬ ፎን ሬትበርግን አግብቶ ልጆች ወለደ። በዚህ ጊዜ ትኩረቱ ወደ ብዙ ጉዳዮች ተበትኖ ነበር፤ በጦር መሣሪያና በጥይት ማሻሻያ ላይም ሠርቷል። በ1831 የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ጀርመን ሲደርስ፣ የበሽታው ምክንያት ሕይወት ያለውና ራሱን የሚያባዛ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ በወቅቱ ተቀባይነት አላገኘም፤ የኮሌራ ባክቴሪያ በሮበርት ኮኽ የተገለጸው በ1880ዎቹ ነው።

ከሊቃውንት ጋር የነበረው ግንኙነት እየሻከረ ስለሄደ በመጨረሻ ዓመታቱ ብቸኛ ሆነ። በሪህ ሕመም ይሠቃይ እንደነበርና ሕመሙን ለማስታገስ ራሱ ያገኘውን ሞርፊን ይወስድ እንደነበር፣ ጥገኛውም እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይገልጻሉ። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1841 በ57 ዓመቱ በሃመልን ሞተ፤ የተቀበረው ግን በአይንቤክ ነው።

ሞርፊን ከዜርቱርነር በኋላ

ዜርቱርነር በሕይወት ሳለ፣ በ1827፣ በዳርምሽታት የነበረው የሜርክ ፋርማሲ ሞርፊንን ለገበያ ማምረት ጀምሮ ነበር። ሐኪሞች ከዚያ በኋላ የታወቀ ጥንካሬ ያለው መድኃኒት መዝነው መስጠት ቻሉ። በ1850ዎቹ የመርፌ አጠቃቀም ሲጀመር ሞርፊን በቀጥታ ወደ ሰውነት መግባት ቻለ። አንዳንድ ሐኪሞች በመርፌ ሲሰጥ ሱስ አያስይዝም ብለው አስበው ነበር፤ ተሞክሮ ግን ተቃራኒውን አሳየ። በ1874 ከሞርፊን የተሠራው ሄሮይንም በ1898 ለሳል መድኃኒት ተብሎ ለገበያ ቀርቦ ተመሳሳይ ጉዳት አስከተለ።

ኦፒየምም ሆነ ሞርፊን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው መላመድ ነው፤ ቀድሞ የሚበቃው መጠን አሁን አይበቃም። ሁለተኛው ጥገኝነት ነው፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ጭንቀት ይመጣል። ሦስተኛው ሱስ ነው፤ ሰውየው ጉዳቱን እያወቀም መፈለጉን አይተውም። በ19ኛው መቶ ዘመን እነዚህ በአብዛኛው የጠባይ ድክመት ተደርገው ይታዩ ነበር።

ሞርፊን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ

በ1973 በስናይደርና ፐርት፣ በሳይመን እንዲሁም በቴሬኒየስ የተመሩ የተለያዩ ጥናቶች በአንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚጣበቅባቸው ተቀባዮች መኖራቸውን አሳዩ። በ1975 ሂውዝና ኮስተርሊትስ በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ፣ አንጎል ራሱ የሚሠራቸውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች ከአሳማ አንጎል አውጥተው ኤንኬፋሊን ብለው ሰየሟቸው። ስለዚህ ተቀባዮቹ የተፈጠሩት ለፖፒ ተክል ሳይሆን ለሰውነት ለራሱ መልእክት ነው።

ሞርፊን በዋናነት የሚሠራው ሙ በተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ነው። ተቀባዩ በነርቭ ሕዋሱ ሽፋን ላይ ይገኛል። ሞርፊን ሲጣበቅበት ከሽፋኑ ሥር ያለውን ጂ-ፕሮቲን ያነሣሣል። ጂ-ፕሮቲኑ ደግሞ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያዳክማል፤ በዚህም ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው የሕዋሱ የውስጥ መልእክተኛ ይቀንሳል። በተጨማሪም ፖታሲየም የሚያስወጡ በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም የሚያስገቡ በሮች ይዘጋሉ። በውጤቱ ሕዋሱ ይረጋጋል፣ የሕመሙም መልእክት ይዳከማል።

መድኃኒቱ ለቀናትና ለሳምንታት ሲቀጥል ሕዋሱ ጫናውን ለመቋቋም ፕሮቲኖቹን ይለውጣል። ዋና ዋናዎቹ ለውጦች የሚከተሉት ናቸው።

በተቀባዩ ላይ፦ ኪናዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌት ይለጥፉበታል። ከዚያም አሬስቲን የተባለ ፕሮቲን መጥቶ ተቀባዩን ከጂ-ፕሮቲኑ ሊያለያየው ይችላል። ሞርፊኑ ቢጣበቅም የሚተላለፈው መልእክት ይደክማል።

በአዴኒሊል ሳይክሌዝ ላይ፦ በ1975 ሻርማ፣ ክሊና ኒረንበርግ በአሜሪካ የጤና ብሔራዊ ተቋማት ውስጥ ከአይጥ ዕጢዎች የተዳቀሉ ነርቭ መሰል ሕዋሳትን በሞርፊን ውስጥ አቆዩ። መጀመሪያ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ቀነሰ፤ ሞርፊኑ ሳይነሣ ቆይቶ ግን መጠኑ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሞርፊኑ ሲወገድ ደግሞ ከመደበኛው በላይ ወጣ። አንድን በር ከውጭ የሚገፋ ሰው ሲኖር ከውስጥ ያለው በእኩል ኃይል ይገፋል፤ የውጪው በድንገት ሲለቅ የውስጠኛው በራሱ ግፊት ተንደርድሮ ይወድቃል። መላመድና የማቋረጥ ሕመም ከአንድ ምክንያት ሊመነጩ እንደሚችሉ ይህ ሙከራ አሳየ። ጠባይም ሆነ ፈቃድ የሌላቸው፣ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ጥገኛ ሆነው ታዩ።

በጂን ላይ፦ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ሲጨምር ክሬብ የተባለው ፕሮቲን ይነሣሣል። ክሬብ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ጂኖችን ያሠራል፤ አዳዲስ ፕሮቲኖችም ይመረታሉ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሌየስ በተባለው ስፍራ ኖርአድሬናሊን የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። በሞርፊን ሲቆዩ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የአዴኒሊል ሳይክሌዝና ፕሮቲን ኪናዝ ኤ መጠን ከፍ ይላል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ይተኩሳሉ፤ ይህም ለጭንቀቱ፣ ለላቡና ለልብ ምት መፍጠን አስተዋጽኦ ያደርጋል። ኖርአድሬናሊንን የሚያረግበው ክሎኒዲን ምልክቶቹን የሚያቃልለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሽልማት ስርዓቱ ላይ፦ ኒውክሊየስ አኩምበንስ በተባለው የአንጎል ክፍል ዴልታ ፎስ-ቢ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል። በቀላሉ ስለማይፈርስ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። የማቋረጡ ሕመም ካለፈም በኋላ ፍላጎቱ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

በ1996 ሙ ተቀባይ እንዳይኖራቸው ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሞርፊን ሕመማቸውን እንዳላስታገሰና ጥገኛም እንዳላደረጋቸው አሳይቷል። ማስታገሻውም ጥገኝነቱም የሚያልፉት በአንድ በር ነው።

ለሕክምና ያለው ትርጉም

ይህ ዕውቀት ለሕሙማንና ለቤተሰብ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ሞርፊንን ለረጅም ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ የወሰደ ሰው መላመድና ጥገኝነት ቢታይበት ሕዋሳቱ ተለውጠዋል ማለት እንጂ ሱሰኛ ሆኗል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ሲቆም መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ የሚቀነሰው ፕሮቲኖቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ጊዜ ለመስጠት ነው።

ሌላው ነገር መላመድ እንደሚጠፋ ማወቅ ነው። ለሳምንታት ያቋረጠ ሰው ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ፣ ትናንት የቻለው መጠን ዛሬ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ከሕክምና ማዕከል ወይም ከእስር ቤት በወጡ ሰዎች ላይ የሞት አደጋ ከፍ የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ሞርፊኑን ከተቀባዩ አስለቅቆ ትንፋሽን ሊመልስ ይችላል፤ ኃይሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ሰውየው አሁንም የሕክምና ክትትል ያስፈልገዋል።

ሞርፊን የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ባወጣው የመጀመሪያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የነበረ ሲሆን ዛሬም በዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ለካንሰር ሕሙማንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ከባድ ሕመም አሁንም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ዜርቱርነር በፓደርቦርን ጓዳ እንደተመኘውም ሐኪሙ በሚሊግራም ለክቶ ያዝዘዋል።